የጉርድ ሾላው ብርቱካን

ምንትዋብ ውርጭን ያወቀችው ከብዙ ሰው ቀድማ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ተወልዳ፣ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጥል የባቄላ ማሳ በአንድ ማለዳ ጠቁሮ ሲቀር አይታለች። አባቷ ከማሳው ዳር ቆመው አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሹት፤ ቅጠሉ ተበተነ። ወደ ቤት ተመለሱ። የዚያ ዓመት ረኃብ ውሎ አድሮ ከአንጀቷ ወጣ፤ የዚያ ጠዋት ንጣት ግን ከዓይኗ አልወጣም። እናቷ በዚያ ሰሞን እንዝርት እያሾሩ የሚያንጎራጉሯትን ስንኝም ሳታስበው በቃሏ ያዘች፦

ውርጩ በሜዳው ላይ ነጭ ሸማ ዘርግቶ፣
ማንን ሊቀብር ነው በማለዳ መጥቶ።

አዲስ አበባ የመጣችው አክስቷ ዘንድ ስፌት ልትማር ነበር። ደቻሳንም ያገኘችው በስፌት ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ኪሱ በጠመኔ የተበላ ኮት ይዞ መጣ።

«ይህን ኪስ ምን በላው?» አለችው ጣቷን በቀዳዳው አሹልካ።

«አገር ማስተማር በላው» አላት። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የደብረ ብርሃን።»

«እኔም ብያለሁ! ስትስቂ እንኳ እጅሽን ከኩታሽ አታወጪም። ደጋ ነሽ።»

ሳቀች፤ እጇን ግን እውነትም ከኩታዋ አላወጣችም። ኮቱ ተጠግኖ ካለቀ በኋላም ደቻሳ አንድ ቁልፍ እየበጠሰ መምጣቱን አልተወም።

በ1964 ዓ.ም. ተጋቡና ጉርድ ሾላ ጎጆ ወጡ። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላ ከተማው ደክሞት የሚቀመጥበት ቦታ ነበር፤ ከቤታቸው ወዲያ የጤፍና የስንዴ ማሳ ይዘረጋል፣ ቦሌ የሚያርፈው አይሮፕላን ከጣራቸው በላይ ያጓራል፣ ማታ ማታ ጅብ ከቀበና ወንዝ ሳይሆን ከጓሯቸው ይጮኻል። ደቻሳ የጉደር ልጅ ነው፤ ብርቱካንና ወይን የሚያፈራ አገር። በተጋቡ በወሩ ከትውልድ መንደሩ አንድ የብርቱካን ችግኝ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣና ከማድቤቱ ግድግዳ ሥር ተከለ።

ጎረቤታቸው እትዬ አፀደ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩት። አንድ ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ፣ አፋቸው የማይመለስ ሴት ነበሩ።

«መምህር፣ ብርቱካን እዚህ? ለውርጭ ቀለብ እየሰፈርክ ነው?»

«ኧረ እትዬ አፀደ፣ ፈተና ላይ ነኝ!»

«የፈተና ወረቀት አነሰህና ዛፍ ትከል አሉህ?»

ደቻሳ ስቆ፣ እንጨት አንስቶ መሬት ላይ መሣል ጀመረ። ሲያስረዳ ማን ይመልሰዋል። «በፈረንጅ መጽሐፍ ሰብትሮፒካል የሚባል አየር አለ። በሐሩሩ አገርና በበረዶው አገር መካከል ነው። ሞቃቱ ወራት በደንብ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛው ወራት ይበርዳል እንጂ አይገድልም። እነሱ ያን አየር ለማግኘት ከምድር ወገብ ብዙ መራቅ አለባቸው። እኛን ግን እዚሁ ምድር ወገቡ አጠገብ ተራራ ሰጠን፤ በመራቅ ፈንታ ወጣነው። ከቆላው ወጥተው ደጋው ሳይደርሱ፣ እመሐል ላይ ትንፋሽዎን ሲሰበስቡ፣ እዚያ ወይና ደጋ ነዎት። የእኛ ሰብትሮፒካል እሱ ነው።»

«እሺ፣ እኛስ ምን ነን?»

«እሱ ነዋ ነገሩ! ይህ ሜዳ ከመስመሩ ላይ ነው ያለው። አንዱ መጽሐፍ ደጋ ነው ይላል፣ አንዱ ወይና ደጋ። እኔ ብርቱካኑን ልጠይቀው ነው። ብርቱካንን ሙቀት ያበስለዋል፤ የሚያቀላው ግን ብርድ ነው። ቆላ ያለው በስሎም አረንጓዴ ነው። ብርድ ካልነካው አይቀላም፤ ውርጭ ከነካው ደግሞ ይሞታል።»

ምንትዋብ ከማድቤቱ ደጃፍ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነው፤ ይሞታል። የውርጭ አገር ልጅ ሌላውን ከየት ትስማው።

ችግኙ ለጋ ሳለ ደቻሳ በኅዳርና በታኅሣሥ ጆንያ ያለብሰው ነበር። ግንዱ ከጠነከረ በኋላ ግን ተወው፤ «አሁን ራሱን ችሏል፤ ሲበርደው ይልመድ» አላት። እሷ በየጠዋቱ ከአልጋ ወርዳ መጀመሪያ የምታየው ያን ዛፍ ነበር። አልሞተም። አላበበም እንጂ።

ያበበው በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። አብዮቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን፣ ከተማው በሹክሹክታ ሊናገር በጀመረበት ጊዜ። ምሽት ላይ ባልና ሚስት ሬዲዮናቸውን ዘግተው ከዛፉ ሥር ይቀመጡና አበባውን ያሸቱ ነበር። የጎረቤት ልጅ ታፍሶ ተወሰደ ሲባል፣ እንትና ከሥራ ወጥቶ አልገባም ሲባል፣ ያ ነጭ አበባ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሸታል። የእትዬ አፀደ ልጅ ካሳዬ፣ ያ አጥር ዘሎ እየገባ «ጋሼ፣ ይቺ አበባ ደሞ ለኛ ለጭቁኖቹ መቼ ነው የምትበላ?» እያለ የሚቀልደው ልጅ፣ በመስከረም ተወሰደ።

በኅዳር ደግሞ የደቻሳ ተራ ሆነ።

በጠዋት ነው የመጡት። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች፤ አንዱ የራሱ ተማሪ የነበረ። «ለጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ» አሉት። ደቻሳ ያን የተጠገነ ኮቱን ለበሰ። በሩ ላይ ዘወር ብሎ ምንትዋብን አያት፤ ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር ይሆናል፤ ያን ሁሉ በሰው ፊት መናገር አይቻልም።

«ምንትዬ» አለ። «ፍሬው ይዟል። አደራ።»

ከዚያ ወዲያ የምንትዋብ ሕይወት መንገድ ብቻ ሆነ። ማለዳ ተነሥታ ስንቅ ትሠራለች፤ ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልላ በዘምቢል ታስቀምጣለች፤ ከእትዬ አፀደ ጋር ከቀበሌዎቹ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እስር ቤት በእግር ትሄዳለች። በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ይቆማሉ። ጠባቂው ስም ይጠራል። ዘምቢሉን ከተቀበለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ቀትር ላይ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ በልቷል ማለት ነው። ሌላ ወሬ የለም፤ ደብዳቤ የለም፤ መጠየቅ የለም። ሴቶቹ ባዶ ምሳ ዕቃ ማንበብ ተምረዋል፤ ይህች ጥጓ ላይ ወጥ ቀርቷል፣ ምነው አላሰኘው፤ ይቺ በእንጀራ ተጠርጋለች፣ እሰይ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠባቂው ዘምቢሉን በእግሩ መለስ አድርጎ «ስንቅ አያስፈልገውም» ይላል። ያን ጊዜ ሰልፉ ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ያቺ ሴት ዘምቢሏን አንሥታ ትሄዳለች። እሪ ማለት አይቻልም፤ የለቀሰ የሟቹ ግብረ አበር ነው።

አንድ ጠዋት ብርዱ ሲብስ ምንትዋብ የደቻሳን ጋቢ ይዛ ሄደች።

«ልብስ አይገባም» አላት ጠባቂው።

«ወንድሜ፣ ኮት ብቻ ነው ለብሶ የወጣው። ሌሊቱ…»

«ለዳኛ ንገሪው። ቀጥሎ!»

ጋቢውን ታቅፋ ተመለሰች። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ደመና የሌለበት፣ ውርጭ የሚወልድ ሰማይ። ከሜዳው የሚመጣው ቅዝቃዜ ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ያ የልጅነቷ ባቄላ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ብርቱካኑ ቀና ብሎ ቆሟል፤ በየቅርንጫፉ ፍሬ አንጠልጥሏል። ለሰውየው ያልገባለትን ጋቢ ለዛፉ አለበሰችው። ጠርዙን በሲባጎ አሰረች። በማድቤቱም ውስጥ ምድጃውን ከዛፉ ወገን ወዳለው ግድግዳ አዛወረች፤ ግድግዳው ሙቀቱን ይዞ እንዲያድር። የእናቷን ስንኝ እያንጎራጎረች ግንዱን እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ አደረገችው።

ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ነበር ለስንቅ የምትወጣው፤ ጋቢውን የምትገልጥበት ጊዜ የላትም። ስትመለስ ድካሙ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ብርቱካኑ ቀኑንም ሌሊቱንም ተሸፍኖ ከረመ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ምሽት አካባቢ፣ አንድ የከሳ ወጣት በሯን አንኳኳ። ኤርሳዶ ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ ነው። ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዞ፣ ከደቻሳ ጋር ታስሮ ከርሞ፣ በዚያን ቀን ተለቅቋል።

«እትዬ ምንትዋብ እርስዎ ነዎት? ጋሽ ደቻሳ ልከውኝ ነው።»

ምንትዋብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «አለ?»

«አሉ። ያስላቸዋል እንጂ አሉ። የሚገርም ሰው ናቸው እኮ። ኪሳቸው ውስጥ የቀረ ጠመኔ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ሣሉልን። ቆላውን፣ ደጋውን፣ ወንዙን። ሰው ሲጠራና ሳይመለስ ሲቀር ተነሥተው ያስተምሩናል።»

«ስንቄ ይደርሰዋል?»

«ለሁላችንም ይደርሳል። የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ እኩል ይካፈላል፤ የታመመም ቢሆን፣ ተጠርቶ የወጣም ቢሆን ድርሻው አይነካም።» ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ክርክር አለ። ይህ ቦሌ፣ ጉርድ ሾላ፣ ደጋ ነው ወይስ ወይና ደጋ? ካሳዬ "ደጋ ነው፤ የቀዘቀዘው እግሬ ይመስክር" ይላል። ክፍሉ እኩል ለእኩል ተከፍሏል። ጋሽ ደቻሳ ምን አሉ፣ "እኔ የተሻለ ምስክር አለኝ፤ ብርቱካኑ ሲቀላ ምንትዋብ ታመጣለች።" ከዚያ ጀምሮ ዘምቢል በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ሌላ የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ይሆናል።»

ምንትዋብ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ኤርሳዶ አልለየውም።

«እትዬ» አላት ሲነሣ። «ብርቱካኑ ብዙ ባይቆይ ጥሩ ነው። እዚያ ቤት ቀን አይታመንም።»

በማግሥቱ ጋቢውን ገልጣ ፍሬዎቹን ዳሰሰቻቸው። ከብደዋል፤ ሙሉ ናቸው፤ ቆዳቸው ለስልሷል። ግን አረንጓዴ ናቸው፤ እንደ ሎሚ ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ። መለሰችና ሸፈነቻቸው። በሌላው ቀንም እንዲሁ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ተተካ፤ አረንጓዴ።

እትዬ አፀደ አንዱን በመዳፋቸው መዘኑት። «ልጄ፣ ይህ እኮ ደርሷል። እንዳለ ውሰጂለት።»

«አረንጓዴውን? ካሳዬ ይስቅበታላ! ተሸነፈ ይሉታል።»

«ይሳቅበታ!» አሉ አሮጊቷ በድንገት ተቆጥተው። «እዚያ ቤት መሳቅ አገኙ? ልጄ በአንድ አረንጓዴ ብርቱካን ቢስቅ ምን አለበት?»

ምንትዋብ ግን እንቢ አለች። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጠመኔ ሲናገር ኖሯል፤ አሁን የቀረው ንብረት ያ አንድ ቃሉ ነው። ቃሉን አጉድላ በሩ ላይ አትቆምም። ቀይ ብርቱካን ይገባለታል፤ ክፍሉ ሁሉ ያየዋል። ትንሽ ቀን ነው። እንዲያውም ብርዱ እየከፋ ስለሄደ በጋቢው ላይ ጆንያ ደረበች፤ ፍሬው ያልቀላው ሙቀት አንሶት መሰላት። ምድጃው ላይም እንጨት ጨመረች።

ጥር ላይ ነፋስ ያጓራበት ሌሊት ነጋ። ለስንቅ ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ ዛፉን አየች፤ ነፋሱ የጋቢውን አንድ ጥግ ከላይ ገልጦታል። ከጫፉ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሌሊቱን ሁሉ በብርድ ውስጥ፣ ምናልባትም ከጋቢው ሾልካ ስንት ሌሊት ብቻዋን ውጭ ያደረች አንዲት ብርቱካን ተንጠልጥላለች። ቀልታለች። እንደ ፍም።

ዘምቢሏን ጣለች። ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው። ጋቢው ሲወርድ ከሥሩ ያሉት ሁሉ እንደነበሩ ናቸው፤ ትልልቅ፣ ሙሉ፣ አረንጓዴ። ያን ጊዜ ነው የዚያ ቀኑ ነገር፣ ደቻሳ እንጨት ይዞ ለእትዬ አፀደ መሬት ላይ ሲሥል የተናገረው፣ ከእነ ድምፁ የመጣላት፦ ሙቀት ያበስለዋል፤ የሚያቀላው ግን ብርድ ነው። እሷ ግማሹን ብቻ ይዛ ነበር። የፈራችውን ግማሽ።

«ወይኔ» አለች። «ወይኔ ሰውዬ፤ እኔው ነኝ ለካ እንዳይቀላ የያዝኩት።»

ቀዩዋን ብርቱካን ቀጥፋ ከምሳ ዕቃው ጎን አስቀመጠቻት። በዚያ ጠዋት መንገዱ አጠረ። እትዬ አፀደ ከኋላ «ቀስ በይ እንጂ፣ እኔ ያንቺ እግር አለኝ ወይ?» እያሉ ይከተሏታል። ምንትዋብ በየጥቂቱ ዘምቢሏን ገለጥ አድርጋ ታያታለች። ካሳዬ ምን ይል ይሆን? እግሬ ዋሸ ይል ይሆናል። ደቻሳ ግን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል። ልጆቹን ሲያስተምር እንደሚያደርገው።

ተራዋ ደረሰ።

«ለማን ነው?»

«ለደቻሳ። ለመምህር ደቻሳ።»

ጠባቂው ወደ ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከውስጥ አንድ ነገር ተመለሰለት። ዘምቢሉን በእግሩ መለስ አደረገው።

«ስንቅ አያስፈልገውም። ቀጥሎ!»

ሰልፉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ትናንት ምሳ ዕቃዋ ባዶ ሆኖ ተመልሶ ነበር፤ በእንጀራ ተጠርጎ። ማን በላው? ደቻሳ ነበረ ወይስ አልነበረም? እትዬ አፀደ ክንዷን ያዟት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከምንትዋብ ዘምቢል ውስጥ ብርቱካኗን አንሥተው በራሳቸው ዘምቢል ውስጥ፣ ከካሳዬ ምሳ ዕቃ አጠገብ አስቀመጧት።

«ለካሳዬ» አሉ ለጠባቂው።

ጠባቂው ብርቱካኗን አንሥቶ አገላበጣት፤ አሸተታት። «የት ነው የገዛችሁት?»

«ጉርድ ሾላ ነው የበቀለው» አሉ እትዬ አፀደ።

«እዚያ ብርቱካን ይበቅላል?»

እትዬ አፀደ ምሳ ዕቃውን አቀበሉት። ወደ ውስጥ አሳለፋት።

ሁለቱ ሴቶች ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ቀትር ላይ የካሳዬ ምሳ ዕቃ ተመለሰ። እትዬ አፀደ ለራሳቸው ሳይከፍቱ ለምንትዋብ ሰጧት። ክዳኑን አነሣች። ውስጡ የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ ሳይቆራረጥ፣ በጥንቃቄ አንድ ላይ የተላጠ። ልጣጩ መሐል አንድ ፍልቃቂ ተቀምጧል። ያልተነካ። ድርሻ ነው። የአንድ ሰው ድርሻ።

ለቅሶ መቀመጥ አልተፈቀደላትም። ጥቁር መልበስ አልተፈቀደላትም። ማታ ያን ጋቢ ተከናንባ፣ ደረቷ ላይ እስከ አገጯ ሰብስባ ከዛፉ ሥር ተቀመጠች። ከጋቢው የሱ ሽታ ጠፍቷል፤ ቅጠል ቅጠል ይላል። ከእናቷ ያልወረሰችው፣ የራሷ የሆነ ስንኝ ከከንፈሯ ወጣ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ እስትንፋስ ብቻ አድርጋ፦

ጋቢህን ለዛፉ አልብሼው ሳሞቀው፣
አንተን ብርድ ወሰደህ እኔ ሳላውቀው።

ከዚያ ወዲያ ዛፉን አልሸፈነችውም። በነጋታው ማለዳ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሜዳ ነጭ ሸማ ለብሶ ተገኘ፤ የስንዴው ቃርሚያ፣ ሣሩ፣ የአጥሩ ጫፍ ሳይቀር ነጣ። ምንትዋብ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ውርጩ ከማድቤቱ ጥግ ሲደርስ ቆሟል። ብርቱካኑ ጤዛ ለብሶ ቆሟል እንጂ አንዲት ቅጠሉ አልጠቆረችም። ሳትሸፍነውም አይሞትም ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት አይሞትም ነበር።

ፍሬዎቹ በየማለዳው ትንሽ በትንሽ ቀሉ። አንድም ሳይቀር ቀሉ። ለቅማ በእትዬ አፀደ ዘምቢል ላይ ሞላቻቸው፤ ለክፍሉ ሁሉ፣ ለካሳዬም ለእግሩም። ለራሷ ያቺን አንዲት ፍልቃቂ ብቻ አስቀረች። አልበላቻትም። ፍልቃቂዋ ወደ ሜዳው በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደርቃ፣ ጠቁራ ቀረች፤ ከዓመታት በኋላም የቤቱን አቧራ ስትጠርግ ምንትዋብ በዙሪያዋ ነበር የምትጠርገው።